የዘማች ስንቅ ይዘን አንኮበር

ቅዳሜ፣ ጥር 23 ቀን 2012 ዓ.ም. ቀጨኔና መርካቶ

ሕጉን ያወጣው ባለቤቴ ነው። የታሪክ አስተማሪ ነውና ምን ይደረጋል። ከ1888 ዓ.ም. በኋላ አገራችን የገባ ዕቃም ሆነ ምግብ በዚህ ጉዞ አይያዝም አለ። ዓመቱን የመረጠው ለዓድዋ ዘመቻ ብሎ ነው። ልጆቹ የግማሽ ዓመት ዕረፍት ላይ ነበሩ፤ እኔም ሳልወስደው የቆየ የዓመት ፈቃድ ነበረኝ። መንገዳችን በደብረ ብርሃን በኩል ወደ አንኮበር፣ ከዚያ ቁልቁል ወደ አልዩ አምባ የዓርብ ገበያ ነው። ድንኳን ውስጥ እናድራለን። የምንበላውም የዚያን ዘመን መንገደኛ ይበላ የነበረውን ነው።

እኔ ደግሞ ድስት የምጥደው ሰው ስለሆንኩ ማሻሻያ አስገባሁ። መድኃኒት፣ የእጅ ባትሪ፣ የውሃ ማከሚያና ክብሪት ከሕጉ ነፃ ናቸው። ማንም አልተቃወመም። በስልክ ጉዳይ ግን ትልቋ ልጄ ተሟገተች። «ፎቶ ማንሻ ያኔም ነበረ፤ እኔ የምይዘው ፎቶ ማንሻ ነው» አለች። አባትየው መልስ አጣ።

ከዚያ የምግብ ክርክር መጣ። ስኳር ወጣ፣ ማር ገባ። ቲማቲም ወጣ። ድንች አለፈ፤ ሺምፐር የሚባል ጀርመናዊ የዕፅዋት አጥኚ በ19ኛው መቶ ዓመት አጋማሽ አስገብቶታልና። ቡናም ለጥቂት አለፈ። የሸዋ ክርስቲያን ቡናን ያለ ሐሜት መጠጣት የጀመረው በምኒልክ ዘመን ነው። ፓስታና ብስኩት ሲወጡ ትንሹ ልጄ ፊቱ ጠቆረ፤ የእሱን ወገን የያዘ ግን አልነበረም።

ሸክላ ለመግዛት ቀጨኔ ሄድን። አዲስ አበባ ውስጥ ሸክላ የሚሠራበት ሰፈር ሌላም ይኖር ይሆናል፤ እኔ የማውቀው ግን እሱን ነው። አንዲት ጠና ያሉ ሴት ድስቶቹን ተራ በተራ እያነሱ በጣታቸው ቋ ቋ ያደርጋሉ። የደህናው ድምፅ ይጠራል፤ የተሰነጠቀው ድፍን ይላል። እኔም ሞከርኩና አንዱን መለስኩባቸው። ሳቁ።

«ለመንገድ ነው ልጄ?»

«አዎ እማማ፣ ወደ አንኮበር።»

«እንግዲያው አፉ ሰፊውን ተዪው። አፈ ጠባቡ አመድ አይገባበትም፣ ቶሎም ይፈላል። ትኩሱ ላይ ቀዝቃዛ ውሃ እንዳትደፊበት ብቻ።»

ሁለት ድስት እያንዳንዱ በ80 ብር፣ ጀበና በ60፣ ለቂጣ የምትሆን ትንሽ ምጣድ በ120 ገዛሁ። አክንባሎ ይቅር አልኩ። ቂጣ ይገለበጣል እንጂ አይከደንም። ትልቁን የእንጀራ ምጣድ ባለቤቴ እያየ ቆመ። «እቴጌ ጣይቱ እኮ ወጥ ቤታቸውን በሙሉ ይዘው ነው የዘመቱት» አለ። እቴጌ ጣይቱ የሚጫን በቅሎ ነበራቸው አልኩት።

ከሰዓት መርካቶ ገባን። አገልግል ቆዳ የለበሰው 350 ብር ነበር። ውሃ መያዣ ቅል በ50፣ ለቅቤ የሚሆን ትንሽ ቅል በ30። ዋንጫ ፈልገን የቀንዱን አገኘን፤ ዋጋው ግን ለቱሪስት የተሰቀለ ነበርና የእንጨት ኩባያ ይዘን ወጣን። ለስልቻ ስንዞር ዋልን። በመጨረሻ ምናለሽ ተራ አካባቢ አንድ ያረጀ የፍየል ስልቻ በ200 ብር ተገኘ፤ ሽታው በነፃ ነው። ድንኳኑን ባለቤቴ ቀድሞ ከሸራ ሰፊዎች ዘንድ አሰፍቶት ነበር። 1,800 ብር አውጥቷል። ክብደቱን ያወቅነው ዕለቱን ከታክሲ ስናወርደው ነው።

እሑድና ሰኞ፣ ጥር 24 እና 25። እናቴ ቤት

ስለዚህ ጉዞ የሚጠይቀኝ ሰው ሁሉ ስለ ድንኳኑና ስለ ድስቱ ነው የሚያነሳው። ዋናው ሥራ ግን እዚህ እናቴ ጓሮ ነው ያለቀው።

ቋንጣው ከጥምቀት ማግስት ጀምሮ ገመድ ላይ ነበር። ድርቆሹም ከሳምንት በፊት ፀሐይ ላይ ወጥቶ ደርቋል። የቀረው በሶው፣ ጭኮውና ዳቦ ቆሎው ነው። እናቴ ገብሱን ለስለስ እስኪል በውሃ አርሳ አመሰችው፣ ከዚያ በሙቀጫ ፈተገችው፣ አበጥራ እንደገና ቆላችው። የቤቱ ሽታ ልዩ ነበር። ወፍጮ ቤት ወስደን አስፈጨነው። ባለቤቴ በድንጋይ ወፍጮ ይፈጭ ብሎ ነበር። እናቴ «ና እንግዲያው፣ መጁ ያውልህ» አለችው። ከአንድ ቁና ሩቡን እንኳ ሳያደርስ ወገቡን ይዞ ተነሳ። ከዚያ በኋላ ስለ ድንጋይ ወፍጮ ያነሳ የለም።

ጭኮ በሶውን በተነጠረና በተቀመመ ቅቤ ማሸት ነው። ሲበርድ ይጠጥራል፣ በእጅ ተቆርሶ ይበላል። ለወራት አይበላሽም ትላለች እናቴ። ዳቦ ቆሎውን ግን በኑግ ዘይት አሸችው፤ ረቡዕና ዓርብ መንገድ ላይ ስለሆንን ለጾም እንዲሆን። እኔ ይኼን አላሰብኩትም ነበር። እሷ ስንቅ ስታስብ መጀመሪያ የምትቆጥረው ቀኑን ነው።

ምን ያህል ይበቃል ብዬ ስጠይቃት በኪሎ አልመለሰችልኝም። ለአንድ ሰው በቀን ሦስት እፍኝ በሶ፣ አንድ እፍኝ ዳቦ ቆሎ፣ ቋንጣ እንደ አምሮቱ። ለትንሹ ግማሽ። እፍኙም የሷ እፍኝ ነው፤ የባለቤቴን እጅ አይታ «በዚህማ አይሰፈርም» አለች።

ቁጭ ብዬ ስቆላ አንድ ነገር ገባኝ። እነዚህ ምግቦች በሙሉ አስቀድመው የበሰሉ ናቸው። በሶ እሳት አይፈልግም፤ ውሃ ብቻ ነው የሚፈልገው። ድርቆሽ የፈላ ውሃ ካገኘ በቂው ነው። ይህ ደግሞ ደጋ ላይ ትልቅ ነገር ነው። ደብረ ብርሃን ከባሕር ጠለል በላይ 2,800 ሜትር ገደማ ላይ ናት። እዚያ ውሃ የሚፈላው 90 ዲግሪ አካባቢ ሲደርስ ነው። ባቄላ ወይም ሽምብራ ጥዶ መጠበቅ ማገዶ መጨረስ ነው። ዘማቹ በየሰፈሩበት እሳት አንድዶ ንፍሮ ቢጠብቅ ኖሮ የት ይደርስ ነበር? እሳቱ ቤት ነው የነደደው። ያነደዱት ደግሞ ሚስቶችና እናቶች ናቸው። ከነሱም ብዙዎቹ ገንቦ አዝለው አብረው ዘምተዋል።

ምጣዷንና ድስቶቹን ያሟሸነውም እዚሁ ነው። ለምጣዷ የተወቀጠ ጎመን ዘር፤ በጨርቅ እያሹ ደጋግሞ ማጋል። ጀበናውን አጥበን አተላ ቡና አፈላንበት። ቅሉን እናቴ በወይራ አጠነችው።

ማክሰኞ፣ ጥር 26። ላምበረት፣ ሸኖ፣ ደብረ ብርሃን

ላምበረት መናኸሪያ በጠዋት ደረስን። ትኬቱ በሰው 75 ብር ነበር፤ ለድንኳኑ ሌላ 100 ተጠየቅን። ድስቶቹን በጭድ የተሞላ ቅርጫት ውስጥ አድርጌ «ሸክላ ነው፣ አደራ» ብዬ ለረዳቱ ሰጠሁት። «ችግር የለም እናት» አለኝ። ከዚያ ላዩ ላይ የማን እንደሆነ የማላውቀውን የሽንኩርት ጆንያ ወረወረበት። ድምፁን ውስጥ ሆኜ ሰማሁት። ወርጄ ባየው አንዱ ድስት ለሁለት ተከፍሏል። ረዳቱ ጭንቅላቱን አከከና «ዕድለኛ ነሽ፣ ጀበናው ተርፏል» አለኝ። ከዚያ በኋላ ጀበናው ጭኔ ላይ ተቀምጦ ሄደ።

ሸኖ ላይ አውቶቡሱ ቆመ። የሸኖን ቅቤ ስሙን ያልሰማ የለም። በቅጠል የተጠቀለለ ቅቤ የያዙ ሴቶች መስኮቱን ከበቡት። ወርጄ ቀመስኩ፤ እጄ ጀርባ ላይ ትንሽ አድርጌ አሸተትኩ። ለጋ ነው። አዲስ አበባ ኪሎውን በ380 ትቼው የመጣሁትን እዚህ በ320 ገዛሁ። የነጠረ ቅቤ ይዘናል፣ ይኼ ለምን አስፈለገ አለ ባለቤቴ። ለፀጉሬ አልኩት። እውነትም ግማሹ ለፀጉር ነው የዋለው፤ የደብረ ብርሃን ነፋስ ቆዳም ፀጉርም አያስቀርም።

ጫጫ አካባቢ ስንደርስ ባለቤቴ በመስኮት እየጠቆመ ስለ አንጎለላ ማስረዳት ጀመረ። ምኒልክ ነሐሴ 12 ቀን 1836 ዓ.ም. እዚያ ነው የተወለዱት። ልጆቹ ተኝተዋል። ከኋላ የተቀመጡ አንድ ሽማግሌ ግን በጥሞና ሲሰሙት ቆይተው፣ የምኒልክን አያት የሸዋውን ንጉሥ የሣህለ ሥላሴን ነገር እየጨመሩ እስከ ደብረ ብርሃን አብረውት ተጫወቱ።

ደብረ ብርሃን ዘርዓ ያዕቆብ በ15ኛው መቶ ዓመት የቆረቆሯት ከተማ ናት። ዛሬ ፋብሪካ በፋብሪካ ሆናለች። የባለቤቴ የድሮ ተማሪ ከተማው ጫፍ ላይ ሰፊ ግቢ አለው፤ ድንኳኑን እዚያ ተከልን። ካስማ መምታት ከባድ ነው፣ መሬቱ ደርቋል። እራታችን ድርቆሽ ነበር። በቀረችን ድስት ውሃ አፈላሁ፣ በርበሬ፣ ጨውና ቅቤ ጨመርኩ፣ ድርቆሹን ሰብሬ ከተትኩ። ከተጣደ ጀምሮ እስኪቀርብ የወሰደው ጊዜ አንድ ስኒ ቡና ከመጠጣት አይበልጥም። ልጆቹ ድስቱን ጠረጉት። ቤት ቢሆን ድርቆሽ አናይም ይሉ ነበር።

ሌሊቱ ግን ሌላ ነው። የጥር ውርጭ የሚባለውን በሬዲዮ ነበር የማውቀው። ሸራው ጠዋት እንደ ጣውላ ደርቆ ቆመ። ቅሉ ውስጥ የቀረው ውሃ አፉ ላይ ስስ በረዶ ሠርቷል። ማሩ በማንኪያ አልወጣ አለ፤ ቅቤውን በቢላ ቆረጥነው። የግቢው ባለቤት በሌሊት ሁለት የደብረ ብርሃን ብርድ ልብስ ይዞ ባይመጣ ኖሮ ጉዞው እዚሁ ያበቃ ነበር። ብርድ ልብሶቹ ከየትኛው ዓመት እንደሆኑ የጠየቀ የለም።

ረቡዕ፣ ጥር 27። ወደ አንኮበር

ጾም ነው። እኛ እስከ ቀትር ቆየን። ልጆቹ በሶ በውሃና በማር ተመትቶላቸው ጠጡ። ትንሹ መጀመሪያ አፍንጫውን ያዘ፤ የቅሉ ውሃ ጢስ ጢስ ይላል አለ። ከወይራው ነው። ከሰዓት በኋላ ራሱ እየጠየቀ ይጠጣ ጀመር፣ ፀሐዩ አስገድዶት።

ከደብረ ብርሃን አንኮበር 40 ኪሎ ሜትር አካባቢ ነው። በሰው 40 ብር፣ ለጭነቱ 100 ከፈልን። መንገዱ አቧራ ነበር፤ መስኮት ቢዘጋም ይገባል። ሜዳው፣ የገብሱ ክምርና የበጉ መንጋ እየተከታተለ ሄዶ ሄዶ ድንገት መሬቱ ያልቃል። ከዚያ በታች ገደል ነው፤ ከገደሉ ወዲያ የአፋር ቆላ በጭጋግ ውስጥ ይታያል። ልጆቹ መንገድ ዳር ሣር የሚነጩ ጭላዳዎች አይተው መኪናውን አስቆሙ። ሾፌሩ ለምዶታል፣ አልተቆጣም።

ጎረቤላ በምትባለው የአንኮበር ከተማ ወርደን ዕቃችንን በሁለት ዙር ተሸክመን ከከተማው ራቅ አልን። ድንኳን የምንተክልበት መስክ የአንዲት እናት ነበር። ባለቤቴ ልጆቹን አስጠንቷቸው ነበርና ከአጥሩ ውጭ ቆመው «የመሸብን እንግዶች ነን» አሉ። ሴትዮዋ ብቅ አሉና «ቤት የእግዚአብሔር ነው፣ ግቡ» አሉ። መስኩ ላይ እንደር ስንላቸው ግራ ገባቸው።

«ቤት እያለ ምን አጥታችሁ ነው ሜዳ የምታድሩት? ጅብስ?»

«ድንኳን አለን እማማ፣ እንደ ድሮ ዘማች ልንሆን ነው» አለ ትንሹ።

«ዘማችማ ቤት ቢያገኝ ሜዳ ያድር ነበር እንዴ?» አሉ። ለዚህ ባለቤቴም መልስ አልነበረውም።

ጉልቻ የሚሆን ድንጋይ ከወንዙ ለቅመን ስንመጣ ወዲያው ጣሉት። የወንዝ ድንጋይ ውስጡ ውሃ ስላለ ሲግል ይፈነዳል፣ ድስት ይሰብራል፣ ዓይንም ያጠፋል። የራሳቸውን የከሰሉ ሦስት ድንጋዮች ከማድ ቤት አምጥተው፣ መሬቱን ቆፈር አድርገው ተከሉልን። ቀጥሎ የማገዶ ነገር መጣ። አካባቢው ሁሉ ባሕር ዛፍ ነው። ባለቤቴ ባሕር ዛፍ በ1888 ገና መግባቱ ነበር፣ እዚህ አይደርስም አለ። እማማ ነገሩን ሲረዱ ሳቃቸውን መቆጣጠር አቃታቸው። «ኩበትስ ይፈቀዳል?» አሉ። ይፈቀዳል። አንድ ሰፌድ ኩበት ሰጡን። ጢሱ ያስነጥሳል እንጂ ፍሙ ይቆያል፤ ለሸክላ ድስት ከእንጨት ይሻላል። እንጨት ነበልባሉ አንዱን ጎን ብቻ ያነዳል።

ሽሮ ሠራሁ። ሸክላ ቶሎ አይሞቅም፣ ከሞቀ ደግሞ አይበርድም። ከጉልቻው ካወረድኩት በኋላ እንኳ ሲንተከተክ ቆየ። ቤት የማይዝግ ብረት ድስት ነው ያለኝ፤ ሽሮው ሳላየው ሥር ይይዝብኛል። እዚህ አልያዘም። ቂጣዋን ባለቤቴ ጋገረ፣ የመጀመሪያዋን አሳረራት፣ ሁለተኛዋ ጥሩ ወጣች። እማማ በአዋዜ ጎመን ይዘው መጡ። ከኛ በሶ ቀመሱና «ማን ነው የቆላው?» አሉ። እናቴ ናት አልኳቸው። «እጇ ይባረክ» አሉ። ሽሮዬን ግን ምንም አላሉትም።

ሐሙስ፣ ጥር 28። ኮረብታው፣ አህያውና በሶው

ጠዋት የቤተ መንግሥቱን ኮረብታ ወጣን። ያን ያህል ዝና የነበረው ግቢ ዛሬ የቀረው ትንሽ ነው፤ አናቱ ላይ በድሮው አሠራር የተሠራ ሎጅ አለ። እይታው ግን አልተነካም። ሣህለ ሥላሴ ለምን እዚህ እንደተቀመጡ ቆሞ ያየ ሰው አስተማሪ አያስፈልገውም፤ ከቆላ የሚመጣ ነገር በሙሉ ይታያል። ምኒልክም በ1857 ዓ.ም. ከመቅደላ አምልጠው ሲመጡ አንኮበር ነው የገቡት።

ባለቤቴ የነገረን የሃሪስ ታሪክ ለኔ ከሁሉም በላይ ደስ ይል ነበር። በ1833 ዓ.ም. ክረምት ሜጀር ዊሊያም ሃሪስ የሚባል እንግሊዛዊ መድፍና ጠመንጃ በስጦታ ይዞ ከታጁራ በአፋር በረሃ በኩል ወደ ሸዋ መጣ። ግመሎቹ ቆላው ላይ ቀሩ። ያ ሁሉ ሣጥን ዳገቱን የወጣው በሰው ትከሻ ነው። እኔ አንድ ድንኳን ተሸክሜ ጎረቤላን ማለፍ አቅቶኝ ነበር። ከአንኮበር አጠገብ ልጥ ማረፊያ የሚባል፣ የጣሊያን ጂኦግራፊ ማኅበር ሰዎች የሰፈሩበት ቦታ አለ፤ መሪያቸው አንቲኖሪ የተቀበረውም እዚያ ነው። እሱንም እንይ ሲል ልጆቹ በአንድ ድምፅ ርቦናል አሉ።

ምሳ የቋንጣ ፍርፍር ነበር፤ ፍስክ ነውና ቅቤውን አልሰሰትኩም። ጭኮውም የወጣው ያን ቀን ነው። አንድ የጣት ውፍረት ያህል የበላ ሰው እስከ ማታ አይርበውም። ትልቋ ልጄ ከቸኮሌት ጋር አወዳድራ «ጭኮ ጨዋማ መሆኑ ነው እንጂ» ብላ ፍርድ ሰጠች።

ከሰዓት ሰፈራችንን እንደ ጦር ሠራዊት አደራጀን። ትንሹ ፊታውራሪ ሆኖ ከፊት፣ ትልቋ ቀኝ አዝማች፣ እኔ ግራ አዝማች፤ ንጉሡ ማን እንደሆነ መገመት ይቻላል። ደጀን ሰው አልተረፈም። ድስቱና ስልቻው ከኋላ ተቀመጡ።

ጣጣው የመጣው ከዚያ ነው። ለማግስቱ ዕቃ የሚጭንልን አህያ በቀን 250 ብር ተከራይተን ነበር። ባለቤቱ በማለዳ እንድንነሳ ብለው አህያውን በዋዜማው አምጥተው ከድንኳኑ ኋላ አሠሩት። ገመዱ ረዘም ብሏል። ሌሊት አንድ ነገር ሲቆረጠም ሰማሁ። ጅብ መስሎኝ ልጆቹን አቅፌ ዝም አልኩ። ባለቤቴም ሰምቷል፤ እሱም ዝም ብሏል። ቆይቶ የእማማ ውሻ መጮህ ጀመረ። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ይላሉ፣ ጅብ ግን አልነበረም። በባትሪ ሳየው አህያው ስልቻውን ቀዶ በሶውን ጨርሷል፤ አፍንጫው በሙሉ ነጭ ነው። የተረፈችው በጨርቅ ቋጥሬ አገልግሉ ውስጥ ያስቀመጥኳት ብቻ ናት።

ጠዋት ባለአህያው አባባ መጥተው ሲያዩ ፊታቸው ተለዋወጠ። «ከኪራዩ ላይ ቀንሱ» አሉ። እማማ ጣልቃ ገቡ። ገብስ እዚህ ሞልቷል፣ ሰው ከሰው በአህያ አይጣላም ብለው ከቤታቸው አንድ ቁና በሶ ሰፈሩልን። ገንዘብ ብሰጣቸው እጄን መለሱት። ከቀረን የሸኖ ቅቤ ግማሹን ትቼላቸው ወረድኩ። እሱን ተቀበሉኝ።

ዓርብ፣ ጥር 29። ቁልቁል ወደ አልዩ አምባ

ቁልቁለቱ ጉልበት ይበላል። ከደጋ ተነስቶ በግማሽ ቀን ቆላ መግባት ነው። መጀመሪያ ጋቢው ወረደ፣ ቀጥሎ ሹራቡ። ከገብስ ማሳ ወደ ጤፍ፣ ከጤፍ ወደ ማሽላ አገር አለፍን። አባባ እግራቸው በኮንጎ ጫማ ከኛ ስኒከር ይፈጥናል። አህያው ጠግቦ አድሯልና ቅሬታ የለውም።

ማክሰኞ ሌሊት በቢላ የቆረጥነው ቅቤ ዛሬ ውሃ ሆነ። የቅሉ ክዳን በደንብ አልገጠመም። የአህያው ጎን፣ የድንኳኑ አንድ ጠርዝና የባለቤቴ የታሪክ ማስታወሻ ደብተር በሙሉ ቅቤ ጠጡ። ቅል ለቅቤ ጥሩ ነው፤ አፉ ግን በጨርቅ ተጠቅልሎ በሊጥ መታሸግ አለበት ሲሉ አባባ ነገሩኝ። እናቴም ይኼን ታውቅ ነበር ማለት ነው፤ እሷ የሰጠችኝ የነጠረው ቅቤ ጠብታ አልወጣውም።

አልዩ አምባ ድሮ የሸዋ ነገሥታት በር ነበረች። ከአፋር የሚመጣው አሞሌ ጨው፣ ከባሕር ማዶ የሚመጣው ጨርቅ፣ ከደጋ የሚወርደው እህል እዚህ ይገናኝ ነበር። ዛሬም ገበያው ዓርብ ነው፤ አርጎባው፣ አፋሩና ደገኛው ይገናኙበታል። አሞሌ ፈልጌ ዞርኩ፤ ጨው ሁሉ በፌስታል ታሽጓል። ማር ኪሎው 180 ብር ገዛሁ፣ አዲስ አበባ ያለ 220 አይገኝም ነበር። አንዲት አርጎባ እናት ሸማ አሳዩኝ፤ 900 አሉ፣ በ750 ተስማማን። ልጆቹ ሸንኮራ አገኙ። ሕጉን የጠየቀ የለም።

ምሳችን ዳቦ ቆሎና ሎሚ በማር የተበጠበጠበት ውሃ ነበር። ጾም ስለሆነ እናቴን አመሰገንናት። ማታ አንድ ሻይ ቤት ግቢ ውስጥ ድንኳኑን ተከልን፤ ለማደሪያው 100 ብር ከፈልን። ውሃ የሚቀዳው ከቧንቧ ቢሆንም ማከሚያ ጨመርኩበት፣ ገንቦ ተውሰን ውስጡ አሳደርነው። ጠዋት ከማቀዝቀዣ የወጣ ይመስል ነበር። ገንቦው ውጭው ያልባል፤ ላቡ ሲተን ውስጡን ያቀዘቅዛል። ይኼን ለትንሹ ሳስረዳው «ታዲያ ለምን ፍሪጅ ገዛን?» አለኝ። ለሥጋው አልኩት።

ቅዳሜ፣ ጥር 30። መመለሻ

ዳገቱን በእግር የመመለስ ሐሳብ የነበረው አንድ ሰው ነው። በድምፅ ብልጫ ተሸነፈ። ጭነት መኪና ላይ በሰው 60 ብር ወጥተን፣ ከጎረቤላ ደብረ ብርሃን፣ ከዚያ አዲስ አበባ። በዚህኛው አውቶቡስ ረዳቱ ቅርጫቱን ራሱ ከፍ አድርጎ ሰቀለልኝ፣ ሳልጠይቀው።

ቤት ገብቼ ዕቃውን ስዘረግፍ ምን እንደሠራ፣ ምን እንዳልሠራ አየሁ። ምጣዷ ሁለት ጊዜ ብቻ ተጥዳለች፤ ለክብደቷ አታዋጣም፣ ቂጣ ትኩስ ጉልቻ ድንጋይ ላይም ይጋገራል ብለውኛል እማማ። ድስት አንዱ በቂ ነው፣ ሁለተኛው ለመሰበር ነው የሚያዘው። ጀበናው ዋጋውን አውጥቷል። አገልግሉ ከሁሉም በለጠ፦ አህያ አልቀደደው፣ ቅቤ አልጠጣው፣ ዝናብ ቢመጣም የሚችል ነው። ድንችዋን በሙሉ ይዘናት ሄደን ይዘናት ተመለስን። ለሚቀጥለው የምጨምረው አንድ ወፍራም ጋቢ ለእያንዳንዱ ሰው፣ ለስልቻው ማንጠልጠያ ገመድ፣ ለቅሉ አፍ ማሸጊያ ዱቄት ነው።

በሶ ብዙ ተርፏል፣ የእማማ ቁና ስላለ። ጭኮውም እንዲሁ። ሰኞ ጾመ ነነዌ ይገባ ነበርና ቅቤ ያለበት ነገር እሑድ ማታ ማለቅ አለበት። ጎረቤቶቼን ቡና ጠራሁ፤ በመጣው ሰው ሳህኑ ባዶ ሆነ። አንዷ በሶውን የት እንዳስፈጨሁት ጠየቀችኝ፣ ወፍጮ ቤቱን ነገርኳት። ባለቤቴ ለመጪው ዓመት ወረኢሉን እያነሳ ነው፣ የምኒልክ ጦር በ1888 ጥቅምት የተሰበሰበበት ስለሆነ። እሺ ብያለሁ፤ አህያ ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ የሚከራይ ከሆነና ሌሊት ከስንቁ በሃምሳ እርምጃ ርቆ የሚታሰር ከሆነ።